ባለአደራው ጸሐፊ፦ ሄንሪ ኦልደንበርግና የመጀመሪያው የሳይንስ መጽሔት

አንድ ባለሙያ የደከመበትን ውጤት ጽፎ ለኅትመት ሲልክ፣ ጽሑፉ ታትሞ ሕዝብ እስኪያነበው ድረስ በሌላ ሰው እጅ የሚቆይበት ጊዜ አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሐሳቡ ሙሉ በሙሉ የባለቤቱ አይደለም፣ ገና የሕዝብም አልሆነም፤ በአዘጋጁ መሳቢያ የተቀመጠ አደራ ነው። አዘጋጁ ለወዳጁ ሊያሳየው፣ የደረሰበትን ቀን ሊያዛባው፣ ለተፎካካሪ ሹክ ሊለው፣ ወይም እንዲሁ በቸልታ አቆይቶ ሊያመክነው ይችላል። ዛሬ ይህን የሚከለክል ደንብ በየሙያው መጽሔት ተጽፎ ይገኛል። በ17ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ግን ደንቡም፣ ልማዱም፣ መጽሔቱም አልነበሩም። ሦስቱንም አብሮ የጀመረ ሰው ሄንሪ ኦልደንበርግ ነው። ተመራማሪ አልነበረም፤ በስሙ የሚጠራ ሕግም ሆነ መሣሪያ የለም። ሥራው የሌሎችን ሥራ መቀበል፣ መተርጐም፣ ማስመርመርና ማተም ነበር። በዚህም ታላቅ ምስጋና አተረፈ፤ ደግሞም አደራ በላ ተብሎ በአደባባይ ተከሰሰ። ክሱን ሐሰት ነው ብሎ ማለፍ ቢቻል ኖሮ የሕይወት ታሪኩ ቀላል በሆነ ነበር።

ኦልደንበርግ በ1619 ዓ.ም. ገደማ በሰሜን ጀርመን በብሬመን ከተማ ተወለደ (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በትውልድ ከተማው ነገረ መለኮት ተምሮ በ1639 ትምህርቱን ጨረሰ። ከዚያ በኋላ ያሉትን ብዙ ዓመታት የመኳንንት ልጆችን እያስተማረ በአውሮፓ አገሮች ሲዘዋወር አሳለፈ፤ ከዚህም ዙረት ያተረፈው ዋና ሀብት ቋንቋ ነው። ከጀርመንኛው ሌላ ላቲን፣ ፈረንሳይኛ፣ እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛና ደችኛ ያውቅ ነበር። በ1653 እንግሊዝና ሆላንድ በባሕር ሲዋጉ፣ ብሬመን ገለልተኛነቷ ተከብሮ ንግዷ እንዳይነካ ለመደራደር ወደ ኦሊቨር ክሮምዌል መልእክተኛ አድርጋ ላከችው። ከዚያ በኋላ ኑሮው ከእንግሊዝ ጋር ተሳሰረ። ከባለቅኔው ከጆን ሚልተን ተዋወቀ፤ ይበልጥ የጠቀመው ግን የጋዝን ግፊትና ይዘት ዝምድና በሚገልጸው ሕግ ዛሬም ስሙ በየመማሪያ መጽሐፉ የሚነሣው የሮበርት ቦይል ወዳጅነት ነው። የቦይል እኅት ልጅ አስተማሪ ሆኖ በ1656 ኦክስፎርድ ገባ፤ ቀጥሎም እስከ 1660 ድረስ ከተማሪው ጋር ወደ ፈረንሳይና ወደ ጀርመን ተጓዘ። በፓሪስ በባለጸጎች ቤት እየተሰበሰቡ ስለ ተፈጥሮ የሚወያዩ ሊቃውንትን ያየው በዚህ ጊዜ ነው።

ኖቬምበር 28 ቀን 1660 በለንደን ግሬሻም ኮሌጅ 12 ሰዎች ተሰብስበው ሮያል ሶሳይቲ የተባለውን የሳይንስ ማኅበር መሠረቱ። በ1662 ዳግማዊ ንጉሥ ቻርልስ ለማኅበሩ ቻርተር ሲሰጥ በቻርተሩ ከተሰየሙት ሁለት ጸሐፊዎች አንዱ ኦልደንበርግ ነበር፤ ሌላው ጆን ዊልኪንስ ነው። የውጭ አገር ደብዳቤ ሁሉ በኦልደንበርግ ጫንቃ ላይ ወደቀ። ደብዳቤ መቀበል፣ መልስ መጻፍ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ መዝገብ ማደራጀት፣ በየስብሰባው የሚነበበውን ማዘጋጀት የእርሱ ፈንታ ሆነ። ለዚህ ሁሉ ማኅበሩ መደበኛ ደመወዝ የቈረጠለት በ1669 ሲሆን፣ እርሱም በዓመት 40 ፓውንድ ነበር።

የዚያን ዘመን ሊቃውንት ትልቁ በሽታ ምሥጢር ነው። አንድ ሰው አዲስ ነገር ሲያገኝ ያለው ምርጫ ሁለት ብቻ ነበር፤ ወይ ደብቆ መያዝ፣ ወይም ገልጦ መነጠቅ። ጋሊሌዮ በ1610 በሳተርን ላይ ያየውን ያስታወቀው ዐረፍተ ነገሩን በፊደላት አዘበራርቆ፣ ማንም እንዳይፈታው አድርጎ ነበር። ይህ ዘዴ ለባለቤቱ የቀዳሚነት ማስረጃ ይሆነዋል፤ ሌላው ሰው ግን ከእርሱ አንዳች ነገር አይማርም። ቦይልም የሙከራ ውጤቶቹ ስሙ ሳይጠቀስ በሌሎች መጻሕፍት እየገቡ ይማረር ነበር።

ኦልደንበርግ ለዚህ በሽታ ያመጣው መድኃኒት በዛሬ ዓይን ሲታይ እጅግ ቀላል ይመስላል። ግኝቱን ለማኅበሩ የሚሰጥ ሰው ጽሑፉ የደረሰበት ዕለት በመዝገብ ይሰፍርለታል፤ በጉባኤ ይነበብለታል፤ ከዚያም በስሙ ታትሞ ይወጣል። እንዲህ ሲሆን መደበቅ ትርፉ ይቀንሳል፣ ፈጥኖ መግለጥ ራሱ የባለቤትነት ማስረጃ ይሆናል። ጽሑፉ እንዲገለጥ የማይፈልግ ሰው ቢኖር እንኳ በማኅተም ዘግቶ ማኅበሩ ዘንድ ሊያስቀምጠው ይችላል። ውሉ ግን የሚጸናው በአንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ ይኸውም መዝገቡንና መሳቢያውን የያዘው ሰው የሚታመን መሆኑ ነው።

«ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የተባለው መጽሔት የመጀመሪያ ቍጥር ማርች 6 ቀን 1665 ወጣ። ከሁለት ወር በፊት ዴኒ ደ ሳሎ በፓሪስ «ዡርናል ዴ ሳቫን»ን ጀምሮ ነበር፤ ያኛው ግን በይበልጥ አዳዲስ መጻሕፍትን የሚያስተዋውቅና የሕግና የታሪክንም ጉዳይ የሚያጠቃልል ስለ ነበረ፣ ለሳይንስ ብቻ የቆመው የመጀመሪያ መጽሔት የለንደኑ ነው። ቍጥር አንድ 16 ገጽ ነው። በውስጡም በሮም ስለ ተሻሻለ የመነጽር ሥራ፣ ሮበርት ሁክ በጁፒተር ላይ ስላየው ነጥብ፣ ቦይል ስለ ቅዝቃዜ ስለሚያዘጋጀው መጽሐፍ፣ በጀርመን ስለሚገኝ የእርሳስ ማዕድን፣ በቤርሙዳ አካባቢ ስለሚደረግ የዓሣ ነባሪ አደን፣ ኬንትሮስን ለማወቅ በባሕር ላይ ስለ ተፈተኑ የፔንዱለም ሰዓቶች፣ በዚያው ሰሞን ስለ ሞተው ስለ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ስለ ፌርማ ተጽፏል። አካሉ ተበላሽቶ ስለ ተወለደ ጥጃም አንድ ወሬ አለ። ዛሬ ቢሆን የትኛውም አዘጋጅ እነዚህን አንድ ላይ አያስቀምጥም፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ጽሑፍ ባለቤት ማን እንደ ሆነና ነገሩ የት እንደ ታየ ለመግለጽ የተደረገው ጥንቃቄ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይታያል።

የማኅበሩ ምክር ቤት መጽሔቱ በየወሩ የመጀመሪያ ሰኞ እንዲወጣ ሲፈቅድ፣ እያንዳንዱ ቍጥር አስቀድሞ በአንዳንድ አባላት እንዲታይና በምክር ቤቱ ፈቃድ እንዲታተም አዘዘ። ይህን ትእዛዝ የዛሬው የእኩያ ባለሙያዎች ግምገማ መጀመሪያ አድርገው የሚያቀርቡ አሉ፤ ጥቂት ማጋነን አለበት። በዚያ ዘመን ፈቃድ ማለት በመጀመሪያ ደረጃ የሚያስጠይቅ ነገር እንዳይታተም መጠበቅ ነበር። በጽሑፍ የሚቀርብ የገምጋሚ አስተያየት በማኅበሩ ልማድ የሆነው በ1830ዎቹ ነው። መጽሔቱም የማኅበሩ ንብረት አልነበረም፤ እስከ 1752 ድረስ ኀላፊነቱም ኪሳራውም የጸሐፊው የግሉ ነበር። ኦልደንበርግ ከመጽሔቱ ጥሩ ገቢ ለማግኘት ተስፋ ቢያደርግም ትርፉ በተሻለው ዓመት እንኳ ከ40 ፓውንድ አላለፈም። በ1665 በጋ ቸነፈር ለንደንን ሲመታ አብዛኞቹ አባላት ከተማዋን ጥለው ሄዱ፤ እርሱ ግን የማኅበሩን መዛግብት ይዞ እዚያው ቀረ፤ ጥቂት ቍጥሮችም በኦክስፎርድ ታተሙ። በሚቀጥለው ዓመት በሴፕቴምበር የተነሣው ታላቅ ቃጠሎ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አካባቢ የነበሩትን መጽሐፍ ሻጮች ክምችት በላው። መጽሔቱ ሁለቱንም አልፎ ቆየ።

ደብዳቤዎቹ ዛሬ ወደ 3,000 የሚደርሱት ተሰብስበው ከ1965 እስከ 1986 በ13 ቅጽ ታትመዋል። በእነርሱ ውስጥ የዘመኑ ሳይንስ ሁሉ ያልፋል። ፈላስፋው ስፒኖዛ ስለ ጨው ጴጥሮስ ባሕርይ ከቦይል ጋር የተከራከረው በኦልደንበርግ በኩል ነበር። ማኅበሩ ከሩቅ አገር ለሚመጣ ወሬ የነበረው ጉጉት እስከ ኢትዮጵያ ይደርስ ነበር፤ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን በአገራችን የኖረው ፖርቱጋላዊው ኢየሱሳዊ ጄሮኒሞ ሎቦ ስለ ዓባይ ምንጭ የጻፈው፣ የማኅበሩ አባል በሆነው በሮበርት ሳውዝዌል አማካይነት ከሊዝበን መጥቶ በ1669 በእንግሊዝኛ ታትሟል።

ይሁን እንጂ ደብዳቤ ዋጋ ያስከፍላል፤ በዚያን ጊዜ የፖስታ ሒሳብ ከፋዩም በብዛት ተቀባዩ ነበር። ኦልደንበርግ ለዚህ መላ ፈጠረ። የውጭ አገር ወዳጆቹ ደብዳቤያቸውን ግሩቤንዶል ለሚባል ሰው እንዲልኩ አደረገ፤ ይህ የእርሱ የራሱ ስም ፊደላቱ ተዘበራርቀው የተጻፈ ነው። በዚህ ስም የሚመጣው ፖስታ ወደ መንግሥት ሚኒስትሩ ጽሕፈት ቤት ይገባል፣ ሒሳቡንም ጽሕፈት ቤቱ ይከፍላል፤ በምላሹ ኦልደንበርግ በደብዳቤዎቹ የሚገኘውን የፖለቲካ ወሬ ለጽሕፈት ቤቱ ያካፍላል። ለድሃ ጸሐፊ ብልህነት ነው ሊባል ይችላል። ላኪዎቹ ግን ስለ ኮከብና ስለ ማዕድን የጻፉት ወረቀት በማን ጠረጴዛ ላይ እንደሚያልፍ ሁሉም ያውቁ ነበር ለማለት አይቻልም።

ከመንግሥት ጋር የተደረገው ይህ መቀራረብ ራሱን ኦልደንበርግን አላዳነውም። በጁን 1667 የሆላንድ መርከቦች በሜድዌይ ወንዝ ገብተው የእንግሊዝን የጦር መርከቦች ሲያቃጥሉ፣ ወደ ውጭ በጻፈው ደብዳቤ የጦርነቱን አመራር ነቅፈሃል ተብሎ በለንደን ግንብ ታሰረ። ሳሙኤል ፒፕስ ይህን እስር በዕለት ማስታወሻው መዝግቦታል። በኦገስት መጨረሻ፣ ሰላም ከተፈረመ በኋላ፣ ተፈታ። ሁለት ወር ቢሆንም ጉዳቱ ቀላል አልነበረም፤ ከእስረኛ ጋር መጻጻፍ የፈሩ ወዳጆቹን አንድ በአንድ እንደገና ማረጋጋት ነበረበት።

በእስር ሳለ መጽሔቱ በሌሎች እጅ አንድ ቍጥር ወጥቶ ነበር። በዚህ 27ኛ ቍጥር ውስጥ የፓሪሱ ሐኪም ዣን ዴኒ ደም ከእንስሳ ወደ ሰው ስለ ማስተላለፍ የጻፈው ደብዳቤ ታትሟል፤ ደብዳቤውም የዚህን ሐሳብ ቀዳሚነት ለፈረንሳዮች የሚሰጥ ነበር። በእንግሊዝ ግን ሪቻርድ ሎወር ከእንስሳ ወደ እንስሳ ያደረገው ሙከራ ቀደም ብሎ በዚሁ መጽሔት ታትሞ ነበር። ኦልደንበርግ ከእስር ሲወጣ ያንን ቍጥር ሽሮ በሌላ 27ኛ ቍጥር ተካው፤ የእንግሊዞቹንም ሙከራ ቀኑን እየጠቀሰ አስረዳ። የታተመን ነገር ማንሣት በመጽሔት ታሪክ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ምሳሌዎች አንዱ ይህ ነው። ስሕተቱን በማረሙ ትክክል ነበር፤ ደብዳቤውን ከአንባቢ ዓይን በማውጣቱ ግን ትክክል ነበር ለማለት ያስቸግራል። ዴኒ የጻፈውና ለእርሱ የተሰጠው መልስ ጐን ለጐን ቢቀመጡ አንባቢ ራሱ ይፈርድ ነበር።

ተመሳሳይ ጉድለት በ1672 በኒውተን ጉዳይ ታየ። ወጣቱ የካምብሪጅ መምህር አይዛክ ኒውተን ነጭ ብርሃን የተለያዩ ቀለማት ድብልቅ መሆኑን የሚያሳየውን ጽሑፉን በፌብሩዋሪ ለኦልደንበርግ ላከ። ጽሑፉ በጉባኤ ተነበበ፤ እንዲመረምሩት ከተመረጡት ሰዎች አስተያየቱን ያቀረበው ሁክ ብቻ ነበር። ሁክ በ1665 ባሳተመው መጽሐፉ ስለ ቀለም የራሱ ንድፈ ሐሳብ ስለ ነበረው በገዛ ጉዳዩ ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ ማለት ነው፤ በምርመራው ላይ ያጠፋው ጊዜም ከሦስት ወይም ከአራት ሰዓት እንደማይበልጥ በኋላ ራሱ ገልጿል። ማኅበሩ የኒውተንን ጽሑፍ ወዲያው በ80ኛው ቍጥር እንዲታተም ወሰነ፤ ኒውተን ክብሩ የተነካ እንዳይመስለው የሁክ አስተያየት አብሮ እንዳይወጣ ተደረገ። ከዘጠኝ ወር በኋላ የኒውተን መልስ ሲታተም ሁክ የጻፈው አሁንም አልወጣም፤ አንባቢዎች ጥያቄውን ሳያዩ መልሱን አነበቡ። ኦልደንበርግ ኒውተንን ሲመክር በመልሱ ውስጥ የተቃዋሚዎቹን ስም ትቶ በነገሩ ላይ ብቻ እንዲያተኵር ነግሮት ነበር። በ1673 ኒውተን በክርክሩ ተሰላችቶ ከማኅበሩ ልውጣ ሲል አግባብቶ ያስቀረው፣ የአባልነት መዋጮው እንዲቀርለት ሐሳብ ያቀረበውም እርሱ ነው። ያ ትዕግሥት ባይኖር ኒውተን ከዚያ በኋላ ለማንም አንድ ገጽ ባልሰጠም ነበር ቢባል ከእውነት አይርቅም።

ሁክ ግን ቂም ያዘ። ቂሙ ፍሬ ያፈራው በሰዓት ጉዳይ ነው።

የግድግዳና የማማ ሰዓት ከ1656 ጀምሮ፣ ሆላንዳዊው ክርስቲያን ሃይገንስ ፔንዱለምን ከሰዓት ጋር ካዋሐደ ወዲህ፣ በደንብ መሥራት ጀምሮ ነበር። ፔንዱለም ግን በኪስ ውስጥ ወይም በሚናወጥ መርከብ ላይ አይሠራም። የኪስ ሰዓት ሩጫውን የሚቈጣጠረው ወዲያና ወዲህ በሚወዛወዝ ትንሽ መንኰራኩር ነበር። ይህ መንኰራኩር የሚመልሰው የራሱ ኀይል ስለሌለው ፍጥነቱ ዋናው ሞላ በሚገፋው መጠን ይለያያል፤ ሞላው እየላላ ሲሄድ ሰዓቱ ይዛባል። ከመንኰራኩሩ ጋር ቀጭን ጠመዝማዛ ሞላ ቢያያዝ ግን ነገሩ ይለወጣል። ሞላው በዞረበት ማዕዘን ልክ ወደ ኋላ ስለሚጐትት፣ አንዱ ውዝዋዜ የሚወስደው ጊዜ በመንኰራኩሩ ክብደትና ስፋት እንዲሁም በሞላው ጥንካሬ ይወሰናል እንጂ በውዝዋዜው ትልቅነት አይለዋወጥም። ለመርከብ መሪም ሆነ ለነጋዴ ይህች ፀጉር የምታህል ሽቦ ብዙ ገንዘብ ያላት ነበረች።

ሃይገንስ ይህን በፓሪስ ያሰበው በጃንዋሪ 1675 ነው። በዚያው ወር መጨረሻ ፊደላቱ የተዘበራረቁ ዐረፍተ ነገር ለኦልደንበርግ ላከ፤ በፌብሩዋሪም ምሥጢሩን ገለጠለት። መግለጫው በፓሪሱ መጽሔት ከወጣ በኋላ ኦልደንበርግ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ በማርች 25 ቀን በ112ኛው ቍጥር አተመው። (የለንደን አቆጣጠር በዚያን ጊዜ ከፓሪሱ 10 ቀን ወደ ኋላ ይል ነበር፤ ማን ቀደመ ለሚል ክርክር ይህም ራሱን የቻለ ራስ ምታት ነው።) እስከዚህ ድረስ ሁሉም በደንቡ ነው። ነገር ግን ሃይገንስ በደብዳቤው አንድ ነገር ጨመረ፤ በእንግሊዝ አገር የፓተንት መብት ቢገኝበት፣ መብቱን ለማኅበሩ ወይም ለኦልደንበርግ እንደሚለቅ አስታወቀ። ኦልደንበርግም ለራሱ ፓተንቱን ለማግኘት ተንቀሳቀሰ።

ሁክ በዚህ ጊዜ ፈነዳ። ከ1658 ጀምሮ ይህን ነገር እንደሚያውቅ፣ በ1660ዎቹ መጀመሪያ ከቦይልና ከሌሎች የማኅበሩ ሰዎች ጋር ስለ ፓተንት ተነጋግሮ ውሉ ስላልተስማማው ምሥጢሩን ይዞ እንደ ቀረ ተናገረ። ስመ ጥሩውን ሰዓት ሠሪ ቶማስ ቶምፒየንን ይዞ ለንጉሡ ሰዓት አሠራ፤ በሰዓቱም ላይ እርሱ በ1658 እንደ ፈጠረው አስቀረጸበት። በመጽሐፉ መጨረሻ ላይ ባከለው ጽሑፍም ኦልደንበርግን የማኅበሩን ምሥጢር ለባዕድ የሚያሻግር ሰው አድርጎ ከሰሰው፤ በ1676 ደግሞ በሌላ መጽሐፍ ክሱን አጠነከረው። ለጀርመን ተወላጅ፣ ቀድሞም በሰላይነት ተጠርጥሮ ለታሰረ ሰው፣ ከዚህ የከፋ ክስ አልነበረም።

ሃይገንስ ለማኅበሩ ፕሬዚዳንት ለሎርድ ብራውንከር ጽፎ ለኦልደንበርግ መሰከረለት። የማኅበሩ ምክር ቤትም ኖቬምበር 20 ቀን 1676 ጸሐፊው የማኅበሩን ጉዳይ በታማኝነትና በሐቀኝነት ያካሄደ መሆኑን አስታወቀ፤ ይህም ውሳኔ በ129ኛው ቍጥር ታተመ። ፓተንቱን ከሁለቱ ወገን ማንም አላገኘውም።

ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች ነገሩን በዚህ ይዘጉታል፤ ሁክ ጠበኛ ሰው ነበረ፣ ኦልደንበርግ ተበደለ ይሉና ያልፋሉ። መረጃው ግን እንዲህ ንጹሕ አይደለም። የሃይገንስ ጽሑፎች ከ1888 ጀምሮ ተሰብስበው ሲታተሙ፣ የማኅበሩ ታላቅ አባል የነበረው ሰር ሮበርት መሬይ በ1665 ለሃይገንስ የጻፈው ደብዳቤ ታየ። መሬይ በደብዳቤው ሁክ ሰዓትን በፔንዱለም ፈንታ በሞላ ለመቈጣጠር ማሰቡን ነግሮታል። ወሬው ከለንደን ወጥቶ ነበር ማለት ነው፤ ያወጣው ግን ኦልደንበርግ አልነበረም፤ መሬይም ጠቡ ከመነሣቱ በፊት በ1673 ሞቷል። ከዚያም በ2006 በሃምፕሸር በአንድ መኖሪያ ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ የሁክ ማስታወሻ ጥራዝ ተገኘ፤ ከ500 ገጽ በላይ ያለው ሲሆን ሮያል ሶሳይቲ ወደ 1 ሚሊዮን ፓውንድ በሚጠጋ ገንዘብ አስመለሰው። ሁክ ከኦልደንበርግ ሞት በኋላ የቃለ ጉባኤውን ወረቀት እያገላበጠ የተጓደለውን ሲፈልግ የገለበጠው በዚህ ጥራዝ ይገኛል፤ በመካከሉም በ1670 ስለ ሁክ ሰዓት በማኅበሩ ጉባኤ የቀረበውን የሚያስረዳ ጽሑፍ አለ። ሁክ አልተመዘገበልኝም ብሎ የተማረረበት ነገር በከፊልም ቢሆን መሠረት ነበረው። ምሥጢር ሸጠ የሚለው ክስ እስከ ዛሬ አልተረጋገጠም፤ መዝገቡ ሙሉ አልነበረም የሚለው ግን ሚዛን ይደፋል።

መዝገብ የያዘ እጅ ለፓተንት መዘርጋቱ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው። የሁክን የቀድሞ ንግግር በቃለ ጉባኤ የሚጽፈው፣ የሃይገንስን ደብዳቤ የሚቀበለውና የሚያትመው፣ ከሁለቱ ማን ቀደመ ሲባል መዝገቡን ከፍቶ የሚያሳየው አንድ ሰው ነው፤ ያ ሰው በአንደኛው ማሸነፍ ገንዘብ የሚያገኝ ከሆነ መዝገቡ ንጹሕ ቢሆን እንኳ ማን ያምነዋል? ነጻ የወጣበት ውሳኔም የታተመው እርሱ ራሱ በሚያዘጋጀው መጽሔት ነው። የሃይገንስን ስጦታ አልቀበልም ማለት፣ ቢያንስም ለማኅበሩ መተው ነበረበት። ድህነቱን ማሰብ ይገባል፤ በዓመት 40 ፓውንድ፣ ወጣት ሚስትና ትናንሽ ልጆች ነበሩት፣ ከመጽሔቱም የረባ ትርፍ አላየም። ማኅበሩም ጸሐፊውን በሚገባ ሳይከፍል የዘመኑን ሊቃውንት ምሥጢር ሁሉ በእጁ ማኖሩ ከጥፋቱ ድርሻ አለው።

ጠቡ በጋለበት በዚያው በ1676 መከር ከሆላንድ ዴልፍት ከተማ አንድ ረጅም ደብዳቤ ደረሰው። ጸሐፊው አንቶኒ ቫን ሌቨንሁክ የተባለ የጨርቅ ነጋዴ ነው። ላቲን አያውቅም፤ ከዩኒቨርሲቲ አልወጣም፤ ራሱ በሠራቸው ትናንሽ አጉሊ መነጽሮች ያያል። ኦልደንበርግ ከ1673 ጀምሮ ደብዳቤዎቹን ሲያትምለት ቆይቷል። የአሁኑ ደብዳቤ ግን በዝናብ ውሃና በርበሬ በተዘፈዘፈበት ውሃ ውስጥ በዓይን የማይታዩ፣ እጅግ ብዙ ሕያዋን ፍጥረታት እንዳሉ የሚናገር ነው። ይህን ማመን ለማንም ከባድ ነበር። ኦልደንበርግ ደብዳቤውን አልጣለውም፤ እንዲሁ በጭፍንም አልተቀበለውም። ከደችኛ ራሱ ተርጕሞ በማርች 1677 በ133ኛው ቍጥር አተመው፤ ለሌቨንሁክም ሌሎች ሰዎች ሊደግሙት እንዲችሉ እንዴት እንደሚያይ እንዲገልጽ ጻፈለት። ሌቨንሁክ የመነጽሩን አሠራር ምሥጢር አልሰጠም፤ በፈንታው በዓይናቸው አይተው የመሰከሩ ስምንት ሰዎችን ቃል ላከ፤ ከእነርሱም ውስጥ የቤተ ክርስቲያን አገልጋዮች ነበሩ። ማኅበሩ ምስክርነቱ ብቻ አልበቃውም፤ ሙከራው በለንደን እንዲደገም ተፈለገ።

ኦልደንበርግ ይህን አላየም። 136ኛውን ቍጥር ካወጣ በኋላ፣ ሴፕቴምበር 5 ቀን 1677 በድንገት ሞተ። ሚስቱም ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ተከተለችው፤ ሁለት ልጆች ያለ አባትና ያለ እናት ቀሩ። ወረቀቶቹን የማኅበሩ ሰዎች ሄደው አመጡ፤ በእነርሱም ውስጥ ለኒውተንና ለላይብኒትዝ የተላላኩት የሒሳብ ደብዳቤዎች ነበሩ። ከ35 ዓመት በኋላ ካልኩለስን ማን ፈጠረው በሚለው ጠብ ላይ እነዚሁ ደብዳቤዎች ለማስረጃ ቀረቡ። በ1715 ኒውተን ስሙን ደብቆ በዚሁ በኦልደንበርግ መጽሔት ስለ ራሱ ጉዳይ ረጅም ሐተታ ሲያትም፣ ጸሐፊው ማን እንደ ሆነ ለአንባቢ የነገረ አዘጋጅ አልነበረም።

በጸሐፊነቱ ቦታ ሁክ ተተካ። የኦልደንበርግን መጽሔት ሌላ ሰው ጥቂት ቍጥር አውጥቶለት ተቋረጠ፤ ሁክም በራሱ በኩል ሌላ መጽሔት ቢጀምር እስከ 1682 ድረስ ሰባት ቍጥር ብቻ ወጣለት። የሌቨንሁክን ደብዳቤ የመፈተኑም ሥራ ለሁክ ደረሰው። ሁለት ጊዜ ሞክሮ አልሆነለትም። ኖቬምበር 15 ቀን 1677 በቀጭን የመስታወት ቧንቧ ውስጥ በርበሬ የተዘፈዘፈበትን ውሃ አድርጎ፣ የተሻለ አጉሊ መነጽር አቅርቦ ለጉባኤው አሳየ። የተገኙት አባላት አንድ በአንድ ቀርበው አዩ፤ ትናንሾቹ ፍጥረታት በውሃው ውስጥ ወዲያና ወዲህ ሲዋኙ ነበር። ነገሩ እውነት መሆኑ በዚያው ቀን በቃለ ጉባኤ ተጻፈ።